የአያቱ መስኮት፣ የልጁ ቡሜራንግ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ቤታችንን ግን ሰላም ነስቶታል።

38 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጎንደር፣ ከቀሃ ኢየሱስ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከእናቴና ከ13 ዓመት ልጄ ጋር ነው። አባዬ አናጢ ነበር። በግራ እጁ መዶሻ ሲያነሳ የሰፈሩ ልጆች ቆመው ያዩት ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። የቤታችንን በሮችና መስኮቶች በሙሉ ከዋንዛ የሠራቸው እሱ ነው። የመሣሪያ ሣጥኑን እማዬ አልጋዋ ሥር አስገብታ፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራለች።

ዘንድሮ ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል ተብሎ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገንዘብ ላከ። መስኮቶቹ ወጡና አሉሚኒየም ገባ። የድሮዎቹ ማድቤቱ ጥግ ተደርድረው ቀሩ። ወንድሜ “ፍለጧቸውና ማገዶ አድርጓቸው” አለ። እማዬ “ማንም እንዳይነካቸው” አለች። እኔ ዝም አልኩ።

ልጄ ደግሞ ስልክ ላይ ቡሜራንግ የሚባለው፣ ሲወረወር ዞሮ የሚመለስ የታጠፈ እንጨት ሲሠራ አይቶ ልቡ ተሰቀለ። ከጎረቤት በተዋሰው መጋዝ አንዱን መስኮት ሳያስፈቅድ ቆረጠው። ሁለት ቀን ሙሉ በቢላና በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ዋለ። እንደዚያ ረጋ ብሎ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ግቢ ውስጥ ወረወረው። አልተመለሰም። የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ጫፍ መትቶ ወዲያ ወደቀ። እዚያ የምትጫወተውን ትንሽ ልጅ ለጥቂት ሳታት። አምጥቶ እንደገና ሲወረውረው መሬት መታና አንዱ ክንዱ ቅንጥስ አለ።

እማዬ የተቆረጠውን መስኮት ስታይ አለቀሰች። “የሽማግሌውን እጅ ቆረጥከው” አለችው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ አታናግረውም። ግራኝ ስለሆነ ሲበላ ሁልጊዜ “በቀኝህ!” ትለው ነበር፤ አሁን እሱንም ትታዋለች። እሱም “ሌላ እሠራለሁ፣ ይመለሳል” እያለ የቀሩትን መስኮቶች በዓይኑ ይለካል።

ልጄን ልከልክለው? እማዬን ልለምናት? ወይስ እንጨቱን ሽጬ ልገላገል?

በመሀል ያለሁት፣ ከጎንደር

መልስ፦

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። “ተራ ነገር” የሚለው አልዋጥልኝ አለ። እናትሽ በዚያ መስኮት ስንት ክረምት ዝናብ አይተዋል? ስንት ጊዜስ ከፍተውት አባትሽን “ምሳ ቀርቧል” ብለው ጠርተዋል? ተነቅሎ ማድቤት ጥግ ሲቆም ሆድ ባይብሳቸው ነበር የሚገርመው።

እስቲ ልጠይቅሽ። መስኮቶቹ ከመነቀላቸው በፊት እናትሽን ያማከራቸው ሰው ነበር? ወንድምሽ ገንዘብ እንደላከ፣ እንግዳ እንደሚመጣ፣ አሉሚኒየም እንደገባ ጽፈሻል። እሳቸው ምን እንዳሉ ግን የለም። ድምፃቸው የተሰማው “ማንም እንዳይነካቸው” ሲሉ ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ኀዘናቸው የተቀሰቀሰው ልጁ መጋዝ ያነሳ ዕለት አይደለም። መስኮቶቹ የወጡ ዕለት ነው። ግን ከኪሱ አውጥቶ ቤታቸውን ባሳደሰ ልጃቸው ላይ እንዴት ይቆጡ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ቁጣው የልጅ ልጃቸው ላይ አረፈ። ይህን የምልሽ እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም። ሰው ሆድ ሲብሰው ቅርብ ያለው ላይ ነው የሚያወርደው።

አንቺስ? “እኔ ዝም አልኩ” ብለሽ አልፈሽዋል። የአንቺም አባት ናቸው እኮ። መስኮቶቹ ምን እንዲሆኑ ነበር የምትፈልጊው? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። እናትሽ ፊት ስትቀመጪ ግን አስታራቂ ብቻ ሆነሽ አትቅረቢ። አባቷን እንዳጣች ልጅ ቅረቢ። “እኔም መስኮቶቹ ሲወጡ ከፍቶኝ ነበር፣ ግን አልተናገርኩም” ብትያቸው፣ እውነት ከሆነ፣ ብዙ ነገር ይለሰልሳል።

ልጁ ያጠፋው ጥፋት ነው፤ አንሸፋፍነው። ሳያስፈቅድ ቆርጧል። የሰው ልጅም ሊጎዳ ነበር። ስለ እንጨቱ አንድም ቃል ከመነገሩ በፊት ለአያቱም ለጎረቤቶቻችሁም ይቅርታ ይጠይቅ። ሰው ያልበዛበት ቀን መርጠሽ ቡና አፍዪ። ልጁ ገብቶ የአያቱን ጉልበት ይሳም። ረጅም ንግግር አታስጠኚው። “እማማ፣ ሳልጠይቅዎት ቆረጥኩት፤ ይቅር ይበሉኝ” ካለ ይበቃል። “ግን እኮ” የምትል ቃል እንዳትጨመርበት ብቻ አደራ። ጎረቤት ቤትም አብራችሁ ሂዱ። የትንሿ ልጅ እናት ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእናንተ ብትሰማው ይሻላል። ቆርቆሮው ተጎድቶ ከሆነ ልጁ ራሱ መዶሻ ይዞ ያቃናው።

አሁን ቀልቤን የያዘውን ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ በጨረፍታ ጠቅሰሽዋል። አባትሽ መዶሻ የሚያነሱት በግራ እጃቸው ነበር። ልጅሽም ግራኝ ነው። ሁለቱን አገናኝተሽ ያየሻቸው አልመሰለኝም። ቡሜራንጉ ያልተመለሰውም፣ ግምቴ ልክ ከሆነ፣ በዚሁ ግራ እጅ የተነሳ ነው።

ቡሜራንግ ዝም ብሎ የታጠፈ እንጨት አይደለም። ሁለቱ ክንዶቹ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ናቸው። ከሥር ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጎበጥ ያሉ ናቸው። ነፋሱን ቀድሞ የሚገጥመው ጠርዝ ድፍንና ክብ ይሆናል። ከኋላ የሚከተለው ጠርዝ ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ሲወረወር እንደ ጎማ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እየተሽከረከረ ነው የሚበረው። ላይ የደረሰው ክንድ ወደፊት ስለሚሄድ ነፋሱን በኃይል ይገጥማል፤ ታች ያለው ወደኋላ ስለሚመለስ ይለዝባል። ስለዚህ ላይኛው ይበልጥ ይገፋና ቡሜራንጉን ሊገለብጠው ይሞክራል። የሚሽከረከር ነገር ግን በዋዛ አይገለበጥም፤ ይታጠፋል። ልጆች በዱላ እየመቱ የሚያንከባልሉትን ጎማ አስቢ። ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወዲያው ይወድቃል? አይወድቅም። ወዳዘነበለበት ይታጠፋል። ቡሜራንግም እንደዚያው እየታጠፈ፣ እየታጠፈ፣ ክብ ሠርቶ ይመጣል።

ስልክ ላይ የሚታዩት ሠሪዎች አብዛኞቹ ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ናቸው። የሚሠሩትም ለቀኝ እጅ ነው። የቀኝ እጅ ቡሜራንግ ጎባጣው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥና ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ቢዞር፣ ቀድሞ የሚሄደው ጠርዝ ድፍኑ ነው። የግራኝ ግን ልክ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ይገለበጣል። ሰዓት እንደሚዞረው ሲዞር ነው ድፍኑ ጠርዝ የሚቀድመው። ልጅሽ የቀኝ እጁን ነገር በጥንቃቄ ቀድቶ በግራው ከወረወረው ስሱ ጠርዝ ነፋሱን ገጥሟል፣ ድፍኑ ኋላ ቀርቷል። እንዴት ይመለስ? የተሰበረውን አንስታችሁ አብራችሁ እዩት። እንዳልኩት ከሆነ ልጁ ሥራ አላበላሸም። ለሌላ እጅ ነው የሠራው።

እናትሽ “በቀኝህ!” ይሉታል። ባለቤታቸው ግን የዚያን ቤት በሮችና መስኮቶች በሙሉ በግራ እጃቸው ነው የሠሩት። ይህን በክርክር መልክ አታንሺባቸው። ቡናው ላይ፣ ልጁ ባለበት፣ እንደ ቀላል ጥያቄ አድርገሽ “አባዬ መላጊያውን በየትኛው እጁ ነበር የሚገፋው?” በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። እሳቸው ያውሩ።

“የሽማግሌው እንጨት ለጨዋታ?” ይሉ ይሆናል። ለመሆኑ አባትሽ ለወንድምሽ የገና ዱላ ቆርጠውለት አያውቁም? ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፍለጋ ዛፍ ሥር ቆሞ ማንጋጠጥ የአናጢም የገበሬም ሥራ ነበር። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” የተባለውም ለዚያው ዱላና ጥንግ ነው። የሚገርምሽ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችም ቡሜራንግ የሚቆርጡት በዚያው ዓይን ነው። ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚታጠፍበትን ቦታ ይመርጣሉ። የእንጨቱ ጅማት ራሱ ታጥፎ ስላደገ ክንዱ በቀላሉ አይቀነጠስም። በደቡብ አውስትራሊያ ዋይሪ በሚባል ረግረግ የተገኙት 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። የተሠሩትም እኛ ሸውሸዌ ከምንለው ዛፍ ዘመድ ነው። ብዙዎቹ የነባሮቹ ቡሜራንጎች የሚመለሱ አይደሉም፤ የአደን መሣሪያ ናቸው። በግብፅም የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር በ1922 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ከዕቃዎቹ መካከል የሚወረወሩ ቆልማማ ዱላዎች ነበሩበት። ንጉሥ ይዞት የተቀበረ ነገር ነው። ልጁ ይህን ለአያቱ ራሱ ይንገራቸው፤ ከእሱ አፍ ሲሰሙት ይለያል።

የተሰበረውም በዚሁ በጅማቱ ምክንያት ነው። የመስኮት ጣውላ ጅማቱ ቀጥ ያለ ነው። ከአንድ ጣውላ ላይ የታጠፈ ቅርጽ ከቆረጥሽ፣ ጅማቱ በአንዱ ክንድ ርዝመቱን ተከትሎ ይሄዳል። በሌላው ክንድ ላይ ግን አግድም ይቆርጠዋል። ያኛው ክንድ መሬት ሲነካ እንደ ደረቅ ቂጣ ነው የሚሰበረው። መፍትሔው ሁለት ቁራጭ መጠቀም ነው። እያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ የሁለቱም ጅማት በርዝመታቸው ይሂድ። መገናኛው ላይ ከሁለቱም ግማሽ ውፍረታቸውን ይቀንስ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ያልብሰው፣ በኮላ ያጣብቀው። ማዕዘኑ ከቀጥተኛው ማዕዘን ትንሽ ከፈት ይበል፤ 100 ወይም 110 ዲግሪ ጥሩ ነው። ሞርሳ ከሌላችሁ የወፍጮ መጅ ወይም ከባድ ድንጋይ ጭናችሁበት ይደር። ጠርዙን መሞረድ የሚጀምረው በማግሥቱ ነው። ከመሞረዱ በፊት የትኛው ጠርዝ ድፍን፣ የትኛው ስስ እንደሚሆን በእርሳስ ይጻፍበት። አንዱ ክንድ ላይ ድፍኑ በውጭ በኩል፣ በሌላው ላይ በውስጥ በኩል ስለሚውል ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

አሮጌ እንጨት ስለሆነ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ሚስማር። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ማግኔት ቢያወጣ ተደብቆ የቀረውን ሚስማር ይነግረዋል። ሁለተኛ ቀለም። መስኮቱ የተቀባ ከሆነ የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ደረቁን አይፈግፍገው። አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ምግብ ላይም ያርፋል። ያልተቀባውን የውስጥ ክፍል ይጠቀም፤ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ከማድቤቱ ርቆ ይሥራ።

የትኛውን እንጨት? እኔ ብሆን አዲስ መስኮት እንዲነካ አልጠይቅም። የተቆረጠው ተቆርጧል። ከእሱ የተረፈው ለሁለት ሦስት ቡሜራንግ ይበቃል። እናትሽን የምትጠይቂው ስለዚያ ብቻ ይሁን። ከቀሩት ውስጥ ደግሞ አንዱን ራሳቸው ይምረጡና ሙሉውን እንዳለ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ሌሎቹን ምን እንደምታደርጉ ዛሬ መወሰን የለባችሁም። ክረምት ሳይገባ ግን ከመሬት አንሡና ድንጋይ ላይ አስቀምጧቸው፣ ላስቲክም አልብሷቸው። አሁን ባሉበት ከቆዩ ምስጥ ይቀድማችኋል። አትሽጪያቸው። ገዢ ሲጭናቸው እናትሽ ደጅ ቆመው እንዲያዩ አትፍረጂባቸው። ወንድምሽንም ደውይለት። ክፉ አላሰበም። “ማገዶ” የሚለውን ቃል እናትሽ ፊት እንዳይደግመው ግን ንገሪው።

እናትሽ የተቆረጠውንም አልሰጥም ካሉስ? አትጫኗቸው። ልጁ ከአናጢ ቤት የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ይለምን። 5 ወይም 6 ሚሊ ያለው ከሁሉ ይስማማል፤ ጅማቱ በየንብርብሩ ስለሚሻገር ከአንድ ቁራጭ ቢቆረጥም ቶሎ አይሰበርም። እስከዚያ በካርቶን ይለማመድ። 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሦስት የጠንካራ ወረቀት ቁራጮች በአንድ ጫፋቸው አገናኝቶ እንደ ኮከብ ያስራቸው፣ ጫፎቹንም ቀና ያድርጋቸው። ሳሎን ውስጥ ይዞራል። ማንንም አይጎዳም። አያትየውም ከተቀመጡበት ሆነው ያዩታል።

የእንጨቱን ግን ግቢ ውስጥ በፍጹም። ሰፈር ውስጥም፣ የጥምቀተ ባሕሩ አካባቢም አይሆንም። እህል የተነሳበት፣ በሁሉም አቅጣጫ 50 ሜትር ሰውም ከብትም የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፤ በጠዳ በኩል ብትወጡ አታጡም። በማለዳ ሂዱ፣ ነፋሱ ቅጠል ብቻ በሚያወዛውዝበት ሰዓት። ልጁ ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ግራ መዳፉ አድርጎ ይያዝ። ነፋሱን ፊት ለፊት ይቁምና 45 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ይዙር። ቡሜራንጉ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ወደ ውጭ ትንሽ ብቻ ያዘንብል። በዓይኑ ትይዩ ይወርውረው፣ አንጓውን እየሰበቀ፣ ሽክርክሪቱ እንዲበዛ። አጋድሞ ከወረወረው ሽቅብ ወጥቶ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፤ ሰው የሚጎዳው ያኔ ነው። ሲመለስ ዓይኑን አይንቀል። ቀስ ብሎ ደረቱ ጋ ከመጣ እንደሚያጨበጭብ ሰው በሁለት መዳፉ ይያዘው። ፈጥኖ ከመጣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈው። አንቺም አብረሽው ሂጂ። የመጀመሪያው ቀን ባይመለስ አትደነቂ፤ ስሱን ጠርዝ ትንሽ ፋቅ ማድረግ ብቻ የሚበቃው ጊዜ አለ።

ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ ኮላና ብርጭቆ ወረቀት ግዢለት፣ 80፣ 120 እና 240 ቁጥር። ሞረድ ግን አትግዢ። አባትሽ ሣጥን ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ቁልፉን አንቺ አትጠይቂ፣ እሱም አይጠይቅ። ይቅርታው ተብሎ፣ ቡናው በረካ ደርሶ፣ ልጁ በየትኛው እጁ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ከሰሙ በኋላ እናትሽ ራሳቸው መቀነታቸውን ይፍቱ። በዚያ ቀን ካልፈቱም ግድ የለም። ኮላው እስኪደርቅ ማደሩ አይቀርም።